ኮሪያ ውስጥ የሜክሲኮና የሌላ አገር ምግብ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትምህርትም ለሥራም ደቡብ ኮሪያ የገቡ ወገኖች ሩዝና ኪምቺ ሲሰለቻቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

ኮሪያ ውስጥ የሜክሲኮ ምግብ ይገኛል?

ይገኛል፤ በየመንደሩ ግን አይደለም። ሴኡል ውስጥ ሁሉም አስቀድሞ የሚጠቅሰው ሰፈር ኢቴዎን ነው። የአሜሪካ ጦር ዋና መምሪያ ለአሥርት ዓመታት እዚያው አጠገብ፣ ዮንግሳን ውስጥ ነበር፤ ወታደር ደግሞ ባረፈበት ሁሉ በርገርና ታኮ (በቂጣ ተጠቅልሎ የሚበላ የሜክሲኮ ምግብ) የሚሸጥ አይጠፋም። መምሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ከሴኡል በስተደቡብ ወዳለው ፕዮንግቴክ ተዛውሯል። ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ የሚኖር ሰው ለአንድ ታኮ ብሎ እስከ ኢቴዎን መምጣት የለበትም፤ በጦር ሰፈሩ በርና በሶንግታን የአየር ኃይል ሰፈር ፊት ለፊት ያሉትን መንገዶች ይዙርባቸው።

«እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰው ያከራክራል። ኮሪያ ውስጥ ታኮን በወጣቱ ዘንድ ያስወደዱት በአብዛኛው አሜሪካ ያደጉ ኮሪያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሮይ ቾይ የተባለው ኮሪያዊ አሜሪካዊ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኮሪያን የሥጋ ጥብስ ቶርቲያ በሚባለው የሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልሎ በመኪና ላይ መሸጥ ጀመረ። በ2011 ደግሞ ሦስት ወጣት ኮሪያውያን አሜሪካውያን ኢቴዎን ውስጥ ቫቶስ የተባለውን ምግብ ቤት ከፈቱ፤ በተጠበሰ ድንች ላይ ኪምቺና የአሳማ ሥጋ የተከመረበት ምግባቸው ስም አወጣላቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ድብልቅ አልንቅም፤ የራሱ ጣዕም ያለው ምግብ ነው። የበቆሎ ቶርቲያ፣ ሥጋ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ብቻ ያለበትን የመንገድ ዳር ታኮ የፈለገ ሰው ግን የምግብ ዝርዝሩ አጭር የሆነ ትንሽ ቤት ይምረጥ። ዝርዝሩ ፓስታና ፒዛ ከጨመረ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።

ስልኬ ላይ «ሜክሲካን» ብዬ ስፈልግ የዶሮ ቤት የሚመጣብኝ ለምንድን ነው?

አልተሳሳቱም፤ አገሩ እንዲህ ነው። «ሜክሲካና» እና «ሜክሲካን ቺክን» በመላ ኮሪያ ቅርንጫፍ ያላቸው የዶሮ ጥብስ ቤቶች ስም ናቸው። ከሜክሲኮ ጋር ያላቸው ዝምድና ከስሙ አያልፍም፤ ዶሮው በዱቄት ተለውሶ ይጠበስና ጣፋጭ የበርበሬ ስልስ ይቀባል። በቆዩ ቢራ ቤቶች ደግሞ «ሜክሲካን ሳራዳ» የሚባል ምግብ አለ፤ ይህም ማዮኔዝ የበዛበት የጎመን ሰላጣ ነው። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን ቶርቲያ የሚመጣ መስሎኝ ባዘዝኩት ሳህን ላይ በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን፣ ካምና ፖም ተከምሮ ሲቀርብ አስተናጋጇን ሽቅብ አየኋት፤ እሷም ሹካ የጎደለኝ መስሏት አመጣችልኝ።

የሚያዋጣው የአገሩን ስም ትቶ በምግቡ ስም መፈለግ ነው፤ «ታኮ» ብለው በሃንጉል፣ በኮሪያ ፊደል፣ ይጻፉ። ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ የተባሉትን የኮሪያ ካርታ መተግበሪያዎች ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ኮሪያ ዝርዝር የካርታ መረጃዋ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትከለክል ስለነበር ጎግል ማፕ ለዓመታት እዚህ በእግር የሚሄድን ሰው በቅጡ መምራት አልቻለም። ደንበኞች የለጠፏቸውን ፎቶዎችም ይመልከቱ። ቶርቲያው ነጭና ሰፊ ከሆነ የስንዴ ነው፣ ቢጫና የመዳፍ ያህል ከሆነ የበቆሎ ነው።

ብቻዬን ብሄድ ያስተናግዱኛል?

ታኮና ቡሪቶ ቤት ያለ ችግር ያስተናግዱዎታል። ከሁለት ሰው በታች አናስተናግድም የሚባለው በብዛት የኮሪያ ሥጋ ጥብስና በጋራ የሚበላ የድስት ወጥ ቤት ነው። በሜክሲኮ ቤትም በብረት ሳህን እየተንሿሿ የሚመጣው ፋሂታ ለሁለት የተሰላ ስለሆነ ብቻዎን ከሆኑ ይለፉት። ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትተው ከወጡ የረሱት መስሏቸው ሮጠው ይመልሱልዎታል።

የሌሎች አገሮች ምግብ የት የት ሰፈር ነው?

አንድ ነገር ቢይዙ ይበቃዎታል፦ ምግቡ የሚገኘው ሠራተኛው በሚያድርበትና በሚጸልይበት አካባቢ ነው። ፋብሪካውን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያገኘ ሰው ምግብ ቤቱንም ያገኛል። በኢቴዎን ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የሴኡል ማዕከላዊ መስጊድ አለ። ከሥሩ ባለው ጠባብ ዳገት ግራና ቀኝ የሐላል ሥጋ ቤት፣ የፓኪስታንና የሕንድ ምግብ ቤት፣ የቱርክ ጣፋጭ መሸጫ፣ ምስርና ቅመም በጆንያ የደረደረ ሱቅ ተደርድሯል። ዓርብ ከቀትር በኋላ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ተረጋግቶ መግዛት የሚፈልግ ሰው በሌላ ቀን ይሂድ። ሄህዋ ሰፈር ደግሞ እሑድ እሑድ፣ ፊሊፒናውያን ቅዳሴ ከሚያስቀድሱበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ የፊሊፒንስ ገበያ ይቆማል።

ዶንግዴሙን የታሪክና የባህል ፓርክ ጣቢያ ወርደው ትንሽ ከተራመዱ ምልክቱ ሁሉ በሩሲያ ፊደል ወደተጻፈበት ጎዳና ይገባሉ። የኡዝቤክ፣ የካዛክና የሞንጎል ሰፈር ነው። ለኢትዮጵያዊ ምላስ ከየትኛውም የሚቀርበው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው፦ የበግ ሥጋ፣ ትኩስ ክብ ዳቦ፣ ከሙን የገባበት ሩዝ፣ በምድጃ የተጋገረ የሥጋ ሳምቡሳ። ቶርቲያ ፍለጋ ወጥቼ እዚያ ስገባ ፍለጋውን የረሳሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በደቡብ የሚኖር ሰው ግዋንግጁ ውስጥ ከመካከለኛው እስያ የተመለሱ የኮሪያ ተወላጆች በሰፈሩበት ወልጎክ መንደር ይህንኑ ያገኛል።

በመጠን ትልቁ ግን አንሳን ነው። ከሴኡል በ4ኛው የምድር ባቡር መስመር አንሳን ጣቢያ ሲወርዱ ከፊት ለፊትዎ ወንጎክ ሰፈር አለ፤ የባንዎል ኢንዱስትሪ ክልል ሠራተኞች የሚኖሩበት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2009 ልዩ የብዝኃ ባህል ቀጠና ተብሎ ተሰይሟል። የኢንዶኔዥያ፣ የቬትናም፣ የቻይና፣ የኔፓል፣ የስሪላንካ ምግብ በአንድ ጎዳና ላይ ነው፤ ዋጋውም ለውጭ አገር ጎብኚ ሳይሆን ለፋብሪካ ሠራተኛ ኪስ የተተመነ ነው። የሰሜን ቻይና ምግብ የሚወድ ሴኡል ውስጥ ወደ ዴሪም ይሂድ። የኢንቾን ቻይና ታውን ለፎቶ ያምራል፣ ለሆድ ግን ዴሪም ይበልጣል።

የውጭው ምግብ ሁሉ ስኳር ስኳር የሚለው ለምንድን ነው?

ለአገሩ ምላስ ስለተስተካከለ ነው። የነጭ ሽንኩርት ዳቦ ስኳር ይነሰነስበታል፣ ፒዛ ላይ ስኳር ድንችና በቆሎ ይደረጋል፣ ሳልሳውም (የሜክሲኮ የቲማቲም ስልስ) አንዳንዴ ከኬቻፕ አይለይም። ቲማቲም ራሱ እዚህ እንደ ፍራፍሬ ነው የሚቆጠረው፤ ተቆርጦ ስኳር ተነስንሶበት ለእንግዳ ይቀርባል። «ሳልሳውን ለብቻው ስጡኝ» ብሎ ማዘዝ ግማሹን ችግር ያቃልላል። «አቃጥሉልኝ» ማለት ግን አደጋ አለው፤ የኮሪያ ምግብ አብሳይ በማቃጠል ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

ቤት ለማብሰል ግብዓቱን ከየት ልግዛ?

የስንዴ ቶርቲያ፣ የሞዛሬላ አይብና በጣሳ የታሸገ በቆሎ ሰፈርዎ ያለው ትልቅ ሱፐርማርኬት አያጣም። በብዛት ለሚገዛ ሰው ኮስትኮ የተባለው የጅምላ መደብር ይሻላል፦ አቮካዶ በከረጢት፣ የቼዳር አይብ በትልቁ፣ የበሬ ሥጋ በኪሎ። በሌላ አገር የወጣ የኮስትኮ አባልነት ካርድ እዚህም ይሠራል። ክፍያው ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ከ2019 ወዲህ ኮስትኮ ኮሪያ የሚቀበለው የዱቤ ካርድ የሁንዴ ካርድን ብቻ ስለሆነ ያ ከሌለዎት ጥሬ ገንዘብ ይዘው ይሂዱ። ጋሪውን ሞልቶ ሒሳብ መክፈያው ላይ ካርዱ ሲመለስበት ከኋላ የተሰለፈውን ሕዝብ ፊት ማየት አያስደስትም።

የበቆሎ ቶርቲያ፣ የደረቀ ቦሎቄና ቅመም በኢቴዎን የውጭ ምግብ መደብሮች ይገኛል። ለዳቦና ለኬክ ጋገራ ዕቃ ባንግሳን ገበያ፣ ለቅመማ ቅመምና ለጥራጥሬ ግዮንግዶንግ ገበያ መሄድ ነው። አይብ የሚወድ ሰው የኢምሲልንም ይሞክር፤ ይህች የገጠር ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ቤልጂጋዊ ቄስ አይብ ማምረቻ ካቋቋሙባት ወዲህ በኮሪያ የአይብ አገር ሆናለች።

በኮሪያ የበቆሎ ዱቄት ቶርቲያ መጋገር ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህን ያወቅሁት ሦስት ቀን ዱቄት ከደፋሁ በኋላ ነው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት የበቆሎ ዱቄት አለ። አንዱ ለወጥ ማወፈሪያ የሚሆን ስታርች ነው፤ ውሃ ሲነካው በጣት ሲጫኑት ይደነድናል፣ ሲለቁት ይፈስሳል፤ ሊጥ የሚባል ነገር አይወጣውም። ሁለተኛው ተራ የበቆሎ ዱቄት ነው። እሱ ይቦካል፣ ይድቦለቦላል፣ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ሲዳመጥ ግን ዳር ዳሩ እንደ ክረምት ጠባቂ መሬት ይሰነጣጠቃል፣ ከምጣዱ ላይ ሲነሳም በእጅዎ ላይ ይፈረካከሳል።

ምስጢሩ ኖራ ነው። ሜክሲኮዎች በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለውና አሳድረው፣ ገለባውን አጥበው ካወጡለት በኋላ ነው የሚፈጩት። ኖራው የፍሬውን ሽፋን ያላላል፤ ሊጡ እንዲያያዝ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ያ የሚታወቀው ሽታም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በዚህ መንገድ ተዘጋጅቶ የደረቀው ዱቄት ማሳ ሃሪና ይባላል፤ በኢንተርኔት ገበያና በውጭ ምግብ መደብሮች ይሸጣል። አንዴ ከያዙት ሥራው ቀላል ነው፦ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ጨው ያቡኩት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፣ የዕንቁላል ያህል እየቆነጠሩ በሁለት ላስቲክ መካከል በከባድ ሳህን ይጫኑት፣ በጋለ ደረቅ ምጣድ ላይ ፊትና ጀርባውን አንድ አንድ ደቂቃ ያቆዩት። ሊጡን ሲጫኑት ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል፤ ላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ በዝቶበታል። ዘይት አይቀባም። ከምጣድ የወጣውን በፎጣ እየጠቀለሉ መደራረብ ነው፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

ቦሎቄው፣ ቃሪያው፣ ሎሚው ሲጠፋ በምን ልተካ?

በጥቁር ቦሎቄ እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየገበያው «ሶሪቴ» ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ፍሬ ቦሎቄ አይደለም፣ አኩሪ አተር ነው። ሲሰነጥቁት ውስጡ አረንጓዴ ነው። ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይፈርስም፣ አይወፍርም። በጣሳ የታሸገ ጥቁር ቦሎቄ ካላገኙ «ጋንግናንግኮንግ» የሚባለውን ቀዩን ይግዙ፤ እሱ የእኛው ቦሎቄ ወንድም ስለሆነ አሳድሮ ቀቅሎ በሽንኩርት መፍጨት ነው።

በአረንጓዴው የሜክሲኮ ቃሪያ ፈንታ ቾንግያንግ የተባለው ቀጭኑ የኮሪያ ቃሪያ ይሆናል፤ ያቃጥላልና ቁጥሩን ይቀንሱ። የድንብላል ቅጠል እዚህ «ጎሱ» ነው። ብዙ ኮሪያዊ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ብሎ ስለሚሸሸው በተራ ሱቅ ባይገኝም የቬትናምና የቻይና ሱቆች አያጡትም። ከሙን ደግሞ ሁለት ስም አለው፤ በሱፐርማርኬት «ኩሚን»፣ የበግ ጥብስ በሚሸጡ የቻይና ሱቆች «ጭራን» ይሉታል፤ የኋለኛው በአብዛኛው ርካሽ ነው። ነጭ አዝሙድ ግን አይተካውም፤ ሞክሬ ሳልሳዬን ድርቆሽ አስመስዬዋለሁ።

ሎሚ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፤ ምን እንደጎደለ እናውቃለን። አገር ቤት ሎሚ የምንለው ትንሹ፣ ልጡ ቀጭን፣ ጭማቂው የሚቆነጥጠው ሜክሲኮዎች ታኮ ላይ ከሚጨምቁት ጋር አንድ ነው። ኮሪያ ውስጥ «ሌሞን» ተብሎ የሚሸጠው ትልቁ ቢጫ ሌላ ነው። «ላይም» ብለው ይጠይቁ፤ ትኩሱ ውድ ከሆነብዎት በጠርሙስ የታሸገ ጭማቂው ለጓካሞሌ (ለተፈጨ አቮካዶ) አያሳፍርም።

አሳማ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው ምን ይጠንቀቅ?

ትልቁ ችግር ቃሉ ራሱ ነው። አንድ ኮሪያዊ «ጎጊ» (ሥጋ) ሲል የሚታየው የሥጋ ቁራጭ ነው፤ ካም፣ ቋሊማ ወይም የአጥንት መረቅ ላይታሰበው ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ የለውም አይደል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ድዌጂጎጊ አን ሞጎዮ» ማለት አሳማ አልበላም ማለት ነው፤ ቀጥሎ ካምና ቋሊማን በስማቸው ይጥሩ። በታኮ ቤት «ካርኒታስ» እና «አል ፓስቶር» የአሳማ ናቸው፤ የተፈጨው ቦሎቄም በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ነው። በጥቁር ስልስ የሚቀርበው የቻይና ኑድል፣ ጃጃንግምዮን፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አሳማ አለበት። ሙስሊም ወገኖች የኮሪያ ሙስሊም ፌዴሬሽን የሐላል ምልክት የተለጠፈበትን ቢመርጡ ይሻላል።

ለጾመኛ ደግሞ ወጥመዱ ኪምቺ ነው። ጎመን ብቻ ይመስላል እንጂ አብዛኛው የተብላላ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ስልስ ይገባበታል፤ የአትክልት ሾርባውም ብዙ ጊዜ መሠረቱ የደረቀ ትንሽ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሓ አባትዎ እተወዋለሁ። ጥብቅ የሆነ ሰው «ሳቻል ኡምሺክ» የሚባለውን የቡድሃ ገዳማት ምግብ ይፈልግ፤ ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። በታኮ ቤት ከሆነም ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ጓካሞሌና ሳልሳ፣ አይብና ጎምዛዛው ክሬም ይቅርልኝ ማለት ነው፤ በዐቢይ ጾም እኔ የምውለው በዚህ ነው።

ከውጭ አገር ባዝዝ ወይም በሻንጣ ባመጣ ችግር አለው?

ለማዘዝ የግል የጉምሩክ መለያ ቁጥር ያስፈልግዎታል፤ ከኮሪያ ጉምሩክ ድረ ገጽ በነጻ ይወጣል፣ በ«ፒ» ፊደል ይጀምርና 12 አኃዝ ይከተለዋል። ለግል መጠቀሚያ የሆነ የምግብ ዕቃ እስከ 150 የአሜሪካ ዶላር ከቀረጥ ነጻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቀረጡ የሚታሰበው በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነውና 155 ዶላር ከማዘዝ አንድ ጣሳ መቀነስ ይሻላል።

በሻንጣ ሥጋ አያምጡ። ቋንጣም ሥጋ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በእስያ ከተዛመተ ወዲህ ያለ ኳራንቲን ማረጋገጫ ሥጋ ይዞ ሳያስመዘግብ የተገኘ ሰው ቅጣት እስከ 10 ሚሊዮን ዎን ይደርሳል፤ የእናት ቋንጣ ነው ቢሉ የሚሰማዎት የለም። የወተት ውጤትም ቁጥጥር ስላለበት ንጥር ቅቤ የያዘ፣ እንዲሁም ዘርና ያልተፈጨ እህል የያዘ ሰው በመግቢያው ቅጽ ላይ ይሙላው። ያስመዘገበ ሰው የሚከፋበት ዕቃው መወሰዱ ብቻ ነው።

ከሴኡል ርቄ በትንሽ ከተማ ነው የምኖረው፤ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ «ኤዥያ ማርት» የሚል ምልክት ይፈልጉ። የአውቶቡስ መናኸሪያና የፋብሪካ መንደር ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለች ጠባብ ሱቅ አትጠፋም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ እርድ፣ ከሙን፣ የድንብላል ቅጠል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሐላል ዶሮ። ቀሪውን ኩፓንግ የተባለው የኢንተርኔት መደብር ማታ ያዘዙትን በማግስቱ በር ላይ ያስቀምጥልዎታል። በመተግበሪያው ለመክፈል ብዙውን ጊዜ የነዋሪነት መታወቂያና በስምዎ የተመዘገበ የኮሪያ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል፤ መታወቂያው እስኪወጣ ያሉትን የመጀመሪያ ሳምንታት ለጓደኛ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ ማስገዛት የሁላችንም ታሪክ ነው።

እንጀራስ?

መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደዚህ ይመጣል። ጤፍ በኮሪያ የኢንተርኔት ገበያ «ቴፑ» በሚል ስም እንደ ጤና እህል ይሸጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዱቄት ሳይሆን ፍሬው ነው። የቤት መፍጫ አይችለውም። በየባህላዊ ገበያው ሩዝ የሚፈጭበትና የሰሊጥ ዘይት የሚጨመቅበት «ባንጋትጋን» የተባለ ወፍጮ ቤት አለ፤ እዚያ ይውሰዱት። ሦስት ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፦ በበርበሬው ወፍጮ እንዳያስገቡት፣ ለሩዝ ኬክ እንደሚያደርጉት ጨውና ውሃ እንዳይጨምሩበት፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያሳልፉት። የሰፈሬ ባለ ወፍጮ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ መጀመሪያ ቀን ጤፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሸዋ ነው ብለው ሊመልሱኝ ነበር። «ኢትዮጵያ» ስላቸው ግን ስለ ቃኘው ሻለቃ አንስተው ቹንቾን ያለውን የመታሰቢያ ሐውልት አይተህ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ዋጋ አልቀነሱልኝም።

ማቡካቱን በተመለከተ በዝናቡ ወራት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ ሊጡ በአንድ ቀን ኮምጥጦ ያድራልና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። በክረምት ደግሞ የኮሪያ ቤት ወለል ከሥር ስለሚሞቅ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ክዳኑን ሲከፍቱት አረፋው ዓይን ዓይን ሠርቶ ይጠብቅዎታል።